ሀዋሳ ላይ ልጅም ወላጅም የሚገባበት የላይቭ ሙዚቃ ዝግጅት እንዴት ይዘጋጃል?

ሀዋሳ ውስጥ ላይቭ ሙዚቃ አለ። ግን በአብዛኛው የሚሰማው ማታ፣ መጠጥ ቤትና ሆቴል ውስጥ ነው። የ14 ዓመት ልጅ እዚያ አይገባም፤ መግባትም የለበትም። ስለዚህ ድራም ሲመታ በዓይኑ ሳያይ ያድጋል። ሙዚቃ የሚያውቀው ከስልክና ከሠርግ ድንኳን ስፒከር ነው።

በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ነበር። ፖለቲካውን ተዉትና፣ የሰፈር ልጅ መሣሪያ የሚነካበት፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ራሱን የሚሞክርበት ቦታ ነበር። ብዙ ድምጻውያን የወጡት ከዚያ ነው። የከተማ ሙዚቃ የሚያድገው ልጆች ቀርበው ሲያዩት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመጀመር ደግሞ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ሦስት ቡድንና ደህና ሳውንድ ይበቃል።

ቀንና ሰዓት

ከኅዳር እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ምረጡ። ከመጋቢት ወዲያ ዝናቡ አያስተማምንም። ዐቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ዘፈን የማይሰማው ሰው ብዙ ነው። የታኅሣሥ 19ን ሳምንት ዝለሉት። ለገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ሆቴሉም ባጃጁም አይገኝም። የኳስ ፕሮግራሙንም እዩ። ሀዋሳ ከተማ ወይም ሲዳማ ቡና በሚጫወቱበት ሰዓት ሰው አትጠብቁ።

ሰዓቱ ከ8:30 እስከ 11:30 ይሁን። ቤተ ክርስቲያን የሄደው ተመልሶ፣ ምሳም ተበልቶ ይሆናል። ልጆቹ ሳይመሽ ቤታቸው ይገባሉ። ማታ ሆቴል የሚጫወቱት ሙዚቀኞችም ሥራቸው ሳይስተጓጎል ይደርሳሉ።

ቦታ

ሁሉም ሰው ቶሎ የሚያስበው ሀይቅ ዳርን ነው። እውነት ነው፣ ያምራል። ግን ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማይክ ውስጥ ይገባል፤ ሕፃናት ወደ ውሃው እንዳይሄዱም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ጦጣዎቹም ምግብ ያዩ እንደሆነ አይለቁም። ጉዱማሌ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የሚይዝ ቦታ ነው። ለመጀመሪያ ዝግጅት ይሰፋል፤ ሁለት መቶ ሰው እዚያ ቢገባ ባዶ ይመስላል።

እኔ የትምህርት ቤት አዳራሽ እመርጣለሁ። አጥር፣ በርና መጸዳጃ አለው፤ ወላጅም ያምነዋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የሚኒ ሚዲያ ልጆች። ሰልፍ ላይና በእረፍት ሰዓት ቢያስተዋውቁላችሁ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ማይክ መያዝና ገመድ መዘርጋትም ለምደዋል፣ አሠሯቸው።

ፈቃድና መጠጥ

ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ክፍለ ከተማው ሂዱና ፈቃዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚጠበቀውን የሰው ብዛትና የኃላፊውን ስልክ ይያዝ። ለፖሊስም አሳውቁ። ቀሪው ላይ ማህተም አስደርጉና በዕለቱ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ለጎረቤቶችም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ትልልቅ ሰዎችን በክብር ጋብዙ፣ የፊት ወንበር ያዙላቸው።

መጠጥ ግን ፈጽሞ አይግባ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ስፖንሰርም አትፈልጉ። ገንዘቡ ያጓጓል፤ ነገር ግን ባነሩ ከተሰቀለ ዝግጅቱ የልጆች መሆኑ ይቀራል። ሻይ፣ ቆሎ፣ ውሃና ለስላሳ ይበቃል።

ሙዚቀኞች

ማታ ሆቴል የሚጫወቱትን ሄዳችሁ አነጋግሩ። ብዙ ቦታ አንድ ኪቦርዲስት ድራሙንም ቤዙንም በማሽን ይዞ ይጫወታል። ለእናንተ ዝግጅት ግን በእጁ ድራም የሚመታና ቤዝ የሚይዝ ሰው ይኑር። ልጅ የሚማረው እጅ እያየ ነው። ፕሌይባክ፣ ማለትም የተቀዳ ዘፈን ከፍቶ የሚዘፍኑ መምሰል፣ አትፍቀዱ።

በሲዳምኛ የሚዘፍን፣ በአማርኛ የሚዘፍን፣ በወላይትኛ የሚዘፍን ቢደባለቅ ደስ ይላል፤ ከተማዋ እንደዚያ ናት። ቄጣላ የሚባለውን የሲዳማ ባህላዊ ጭፈራ የሚያውቁ ወጣቶች ዝግጅቱን ይክፈቱት። ማይክ ስለማያስፈልጋቸው ሳውንዱ ቢዘገይ እንኳ ሰዓታችሁ አይዘገይም።

ለእያንዳንዱ ቡድን 30 ደቂቃ ስጡ። ድራሙና አምፑ (የጊታርና የቤዝ ድምፅ ማጉያው) አንድ ሆኖ ሁሉም ይጠቀምበት፤ መቀያየሩ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። የሌላ ሰው ዘፈን ሕዝብ ፊት መጫወት በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ከራሳቸው ሥራና ከሕዝብ ዜማ ይምረጡ። ክፍያውን በጽሑፍ ተስማሙ፣ ቀብድ ስጡ። «ለልጆች ነው» ብሎ ሙዚቀኛን በነፃ ማሠራት ነውር ነው።

ሳውንድ

ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ስፒከሮቹን ከማይኮቹ ፊት አድርጉ፣ ወደ ታዳሚው ይዙሩ። ከዘፋኙ ኋላ ከሆኑ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ያፏጫል። የዘፋኙ ሞኒተር (ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ደግሞ ከማይኩ ጀርባ በኩል ወደ እሱ ይዙር። ስፒከሩን በስታንድ ከልጆች ጭንቅላት በላይ ከፍ አድርጉ፤ ከፊቱ ገመድ ዘርጉና ማንም እንዳይጠጋ አድርጉ።

ድምፁን አታክሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ባወጣው መመሪያ የዝግጅት ድምፅ በአማካይ ከ100 ዴሲብል እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ለአዋቂም ጣሪያው ነው፤ ሕፃን ባለበት ከዚያ በደንብ ዝቅ አድርጉ። የስልክ አፕ ለግምት ይረዳል። ሌላው መለኪያ ጆሮ ነው፤ አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካለባችሁ በዝቷል።

ማሲንቆ ካለ ከሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት ከሚደረገው የድምፅ ሙከራ) በፊት ከኪቦርዱ ጋር ይቃኝ። ማይኩን ወደ ድምፅ ሳጥኑ አስጠጉ፣ ስፖንጅ አልብሱት። ሳውንድ ቼኩን ከመጨረሻው ቡድን ጀምሩ። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ቡድን መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል፣ ሚክሰሩም ለእሱ እንደተስተካከለ ዝግጅቱ ይጀመራል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ። የአምፑን፣ የስፒከሩንና የመብራቱን ዋት ደምሩና ከዚያ ተርፎ የሚችል ጄኔሬተር ተከራዩ። ጭሱ እንዳይገባ ከአዳራሹ ውጭ ርቆ ይቀመጥ። ኪቦርዱና ሚክሰሩ ስታብላይዘር ላይ ይሰኩ።

ዕለቱ

በሩን 8 ሰዓት ክፈቱ። ለልጆች መግቢያው ነፃ ይሁን፤ አዋቂው አነስ ያለ ይክፈል። የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ለመንካት ስጡ። ከበሮ፣ ክራርና ጊታር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ሙዚቀኛም አብሮ ይቁም። «አትንካ» የሚል ሰው እዚያ አታቁሙ። ለብቻው የመጣ ትንሽ ልጅ ካለ የወላጁን ስልክ በር ላይ መዝግቡ። የመጀመሪያ እርዳታ የሚችል ሰውም ይኑር።

11:30 ሲሆን በሰዓቱ ጨርሱ፤ ወላጅ ሌላ ጊዜ ልጁን የሚልከው በዚያ ነው። ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ሳይጭኑ ቀሪ ሒሳባቸውን ስጧቸው። አዳራሹን አጽድታችሁ ቁልፉን ስታስረክቡ የሚቀጥለውን ቀን ጠይቁና ያዙ። ክራሩን ይዘው አልለቅ ያሉትን ልጆች ስም መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የምትደውሉት ለወላጆቻቸው ነው።