በጦርነት ውስጥ ባለ የከሰል ማዕድን ከተማ ምድር ቤትን እንዴት መጠለያ ማድረግ ይቻላል?

በምሥራቅ ዩክሬን፣ ዞሎቴን በመሳሰሉ የዶንባስ ትንንሽ የድንጋይ ከሰል ከተሞች፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪው ከመድፍ ድብደባ ሲሸሽ የኖረው ወደ ምድር ቤት ነው። ነገር ግን ከተማዋ የቆመችው በተቦረቦረ መሬት ላይ ስለሆነ፣ አደጋው ከሰማይ ብቻ አይመጣም።

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የማዕድኑ የውሃ መሳቢያ ፓምፖች እየሠሩ መሆናቸው ነው። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ፓምፖቹ ሲቆሙ፣ ውሃው እርስ በርስ በተያያዙ አሮጌ ዋሻዎች ውስጥ እየሞላ ተቀጣጣዩን ሚቴን ጋዝ፣ እንዲሁም ኦክስጅን ያነሰውን አየር ወደ ላይ ይገፋል። በዚያው በዶንባስ፣ በ1979 የኑክሌር ፍንዳታ በተካሄደበት የዩንኮም የከሰል ማዕድን እንኳ ፓምፖቹ በ2018 እንዲቆሙ ተደርጓል።

ሚቴን ጣሪያ ሥር፣ ኦክስጅን ያነሰው ከባድ አየር ደግሞ ወለሉ ላይ ስለሚከማች፣ ምድር ቤቱ ከላይም ከታችም የአየር ማስተላለፊያ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ሕፃናትም ወለል ላይ መተኛት የለባቸውም። አየሩን በሻማ ወይም በክብሪት መፈተን ፈጽሞ አይገባም፤ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶው ሚቴን ከሆነ አንዲት የእሳት ብልጭታ ታፈነዳዋለች።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ምድጃው ነው። የጋዝ መስመር ሲቆረጥ ሰው ወደ ከሰል ይመለሳል፤ ሌሊቱ ሲበርድም ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ ፍሙ ሳይጠፋ የጭስ መውጫውን ይዘጋል። ያን ጊዜ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤቱን ይሞላል፤ በአገራችንም ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። መውጫው መዘጋት ያለበት ፍሙ ፈጽሞ አመድ ከሆነ በኋላ ነው። ከቤተሰቡ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማው፣ ምክንያቱን ከመመርመር በፊት ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር መውጣት አለበት፤ ውጭ ድብደባ ካለም ቢያንስ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ከላይ ባለው ቤት ውስጥ ከመስኮት ርቆ መቆየት ይሻላል።

የጉድጓድ ውሃ በድንገት ጨው ጨው ካለ ወይም ከደፈረሰ አይጠጣ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨውንና ብረትን አያስወግድም።

በመጨረሻም፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀ በስንጥቁ ላይ ቀጭን ወረቀት አግድም ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ይጠቅማል። ወረቀቱ ከተቀደደ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሌላ መጠለያ ይፈልግ።