የገበያው መንገድ ለመኪና ከመዘጋቱ በፊት፦ ነዋሪና ነጋዴን በማማከር ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ ትንሽ ከተማ የሱቅ መንገድ ላይ በገበያ ቀን የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ባጃጅ ተሳፋሪ ያወርዳል፣ አይሱዙ ሲሚንቶ ያራግፋል፣ ጉልት የተቀመጡ እናቶች ሸራቸውን አስፋልቱ ድረስ ዘርግተዋል፣ እግረኛው በመሃል ይሹለከለካል። እንዲህ ያለውን መንገድ ለእግረኛ መልቀቅ መልካም ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሰዉ የሚጠየቅበት አኳኋን ነው።

«ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?» ብሎ መጀመር

ይህ ጥያቄ በቀረበ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው አይገኝም። መንገድ መዝጋት ውስጡ አራት ጥያቄ አለው፦ ከየት እስከ የት፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን እንዲገባ ይፈቀዳል? ስለዚህ ሦስት አማራጭ ይዞ መቅረብ ይሻላል። አንደኛው በገበያ ቀን ብቻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መዝጋት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በየቀኑ ዘግቶ የጭነት መኪና ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ማስገባት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳይዘጉ የእግረኛውን መሄጃ ማስፋት ነው። ከሦስት ከበለጠ ሰው ይደናገራል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን «ወስናችሁ ነው የመጣችሁ» ይባላል፣ ያም ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

የባለሱቁን ግምት እንደ ቆጠራ መውሰድ

ባለሱቅ «ደንበኛዬ በመኪና ነው የሚመጣው» ሲል ከልቡ ነው። በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥናት ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው 58 በመቶው በመኪና እንደሚመጣ ገምተው ነበር፤ ደንበኞቹ ሲጠየቁ 32 በመቶ ሆነ። በእንግሊዟ ብሪስቶል በ2006 እ.ኤ.አ. ግምቱ 41፣ የተገኘው 22 በመቶ ነበር። በር ላይ የቆመ መኪና ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በእግሩ መጥቶ ስኳርና ሳሙና ገዝቶ የሚሄደውን ግን ማንም አይቆጥረውም።

እነዚህን የአውሮፓ ቁጥሮች አምጥቶ ነጋዴውን መሞገት አይጠቅምም። የራሱን መንገድ መቁጠር ነው። በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ ተራ ቀን ከሱቅ የሚወጡ ደንበኞችን አራት ነገር ይጠይቁ፦ ከየት መጡ፣ በምን መጡ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ይመጣሉ፣ ዛሬ ስንት ብር ያህል አወጡ? 200 ሰው ከተጠየቀ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 7 የመቶኛ ነጥብ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ ለዚህ ዓይነት ውሳኔ ይበቃል። የዐውደ ዓመት ሳምንት አይመረጥ። ሥጋ ቤቶችን ደግሞ በዐቢይ ጾም መቁጠር ምንም አይነግረንም።

ዕቃው እንዴት እንደሚገባ ሳይጠይቁ መቅረት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው። ተቃውሞው «መኪና ይግባ» ተብሎ ቢነገርም ከሥሩ ያለው የማራገፍ ጉዳይ ነው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ 100 ከረጢት ሲሚንቶ አስመጣ እንበል፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ነው። መኪናው በር ላይ ቢቆም ጫኝና አውራጆቹ በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። መኪናው 150 ሜትር ርቆ ከቆመ ግን ለአንዱ ከረጢት ደርሶ መልስ 300 ሜትር፣ ለመቶው 30 ኪሎ ሜትር መሄድ አለባቸው፤ ግማሹ መንገድ 50 ኪሎ ተሸክሞ ነው። አራት ከረጢት በሚችል የእጅ ጋሪ 25 ምልልስ፣ ማለትም ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። የእጅ ጋሪ ደግሞ ደልዳላ መሬት ይፈልጋል፤ ኮብልስቶኑ ከተነቃቀለ ወይም የፍሳሽ ቦዩ ክዳን ከጎደለ አይሄድም። ባለሱቁ በልቡ የሚያሰላው የማውረጃ ዋጋ ስንት እንደሚጨምር ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ወረቀት ይዘጋጅ፦ ምን ዕቃ፣ በምን መኪና፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ኩንታል፣ ለማራገፍ ስንት ደቂቃ? ሁለት ሰዎች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ በሁለት ቀን 60 ሱቅ ሊጨርሱ ይችላሉ። ጫኝና አውራጆቹም ለብቻቸው ይጠየቁ፤ የቱ በር ጠባብ፣ የቱ ደረጃ አስቸጋሪ እንደሆነ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚረሱ መኪኖችም አሉ፦ ባዶ የለስላሳና የቢራ ሳጥን የሚመልሰው፣ ውኃ የሚያመጣው ቦቴ፣ ለሆቴሎች የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚመጥጠው፣ ቆሻሻ የሚያነሳው።

የባጃጅ ሹፌሮችንና የጓሮ መንገዱን መርሳት

ዋናው መንገድ ሲዘጋ መኪናው አይጠፋም፤ ወደ ኋለኛው መንገድ ይዞራል። እዚያ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ካለ አዲስ አደጋ ተፈጠረ ማለት ነው። ቆጠራው ስለዚህ የጓሮ መንገዱንም ይጨምር፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ሚኒባስ፣ የጭነት መኪናና እግረኛ ተለይተው ይመዝገቡ። የዚያ ሰፈር ነዋሪዎች በሱቁ መንገድ ባይኖሩም የሚጎዱት እነሱ ናቸውና ይጠሩ። ለባጃጆች ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ በ100 ሜትር ውስጥ ተራ መያዣ በካርታው ላይ ሳይቀመጥ ማኅበራቸውን ስብሰባ መጥራት ጠብ መጥራት ነው።

ፊርማን እንደ ስምምነት መቁጠር

ሰው በር ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፤ ከወር በኋላ ያ ወረቀት «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ከሚል ሪፖርት ጋር ተያይዞ ይገኛል። ይህ ሰዉን ማታለል ነው፤ አንዴ የተደረገበት ነዋሪ ሁለተኛ ስብሰባ አይመጣም። የመገኘት ፊርማና የድጋፍ ፊርማ በተለያየ ወረቀት ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ ለምን እንደሆነ በጉልህ ይጻፍ።

ስብሰባው ብቻውንም አይበቃም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፤ በገበያ ቀን ጉልት ነጋዴዋ ዕቃዋን ጥላ አትመጣም። ስለዚህ ካርታው ወደ እሷ ይሂድ። 400 ሜትር መንገድ በ1፡500 ልኬት 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናልና በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ይገባል። መንገዱ ዳር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «የእርስዎ ቦታ የቱ ነው? የሚያስቸግርዎትስ?» ብሎ እዚያው ምልክት ማድረግ ይቻላል። የሱቅ ተከራይና አከራይ ለየብቻ ይጠየቁ፤ መንገዱ ሲያምር ኪራይ ይጨምራል ብሎ የሚሰጋው ተከራይ በአከራዩ ፊት አይናገርም።

አምቡላንስንና የአካል ጉዳተኞችን በመጨረሻ ማሰብ

የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከድንኳን፣ ከሸራና ከመቀመጫ ነጻ የሆነ 4 ሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተው። በድንጋይ የተሞላ በርሜል መንገዱን ይዘጋል፣ በሌሊት አምቡላንስ ሲመጣ ግን ማንም አያነሳውም። በቁልፍ የሚነቀል የብረት ምሰሶ ይሻላል፤ ቁልፉ እነማን ጋ እንዳለ በምክክሩ ላይ ይወሰን። መቀመጫ በየ50 ሜትሩ ቢኖር አረጋውያንና መራመድ የሚከብዳቸው ይመጣሉ።

ሙከራውን ያለ ማነጻጸሪያ መጀመር

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ እሑድ ጠዋት መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው ስፖርት የሚሠራበት «መንገድ ለሰው» ብዙ ሰው መኪና የሌለበትን መንገድ በእግሩ እንዲቀምስ አድርጓል። የእሑድ ጠዋት ስፖርት ግን ማክሰኞ ሱቅ ምን እንደሚሸጥ አይነግርም። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ስትሮየት የተባለው የሱቅ መንገድ በ1962 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ተዘግቶ ቋሚ የሆነው በ1964 ነው። ለትንሽ ከተማ ቢያንስ የሦስት ወር ሙከራ ያስፈልጋል፤ ከመጀመሩ በፊትም የሁለት ሳምንት ቆጠራ ሊኖር ይገባል።

ወቅቱ ውጤቱን ያጣምማል። በነሐሴ ቆጥሮ በጥር ያነጻጸረ ሰው አዝመራ ገብቶና ሠርግ በዝቶ የጨመረውን ሽያጭ ለመንገዱ መዘጋት ይሰጠዋል፤ በጥር ቆጥሮ በክረምት የሞከረ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። መፍትሔው እዚያው ከተማ ውስጥ ያልተዘጋ ተመሳሳይ መንገድ መርጦ ሁለቱን ጎን ለጎን መቁጠር ነው። ሙከራው በምን ምክንያት እንደሚቆምም ቀድሞ ይጻፍ።

መልስ ሳይሰጡ መቅረት

ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ከገባ ሰዉ የተናገረው ጠፋ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ይውጣ፤ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ የተባለው፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ። «የጭነት ሰዓቱ ይርዘም፤ እስከ 3 ሰዓት ተራዝሟል፤ የዳቦ ቤቱ ዱቄት ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት አይደርስም» ዓይነት። ውድቅ የሆነውም ከነምክንያቱ ይግባበት። በቀበሌው ሰሌዳ ብቻ ሳይወሰን በወፍጮ ቤቱ፣ በባጃጅ ተራውና በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ መግቢያ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ሁለት ጊዜ ይነበብ።