ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለእሑድ ቅዳሴ በሰዓቱ የሚደርስበት መንገድ

የእሑድ ቅዳሴ የሚገባበት ሰዓት ከአጥቢያ አጥቢያ ስለሚለያይ፣ አስቀድሞ የራስን ደብር ሰዓት ከካህናቱ ጠይቆ በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቅዳሴው ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። ቅዳሴው 12 ሰዓት ተኩል የሚገባና መንገዱ በእግር 25 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ ከቤት መውጫው 11 ሰዓት ከ45 ነው። የሚተርፈው 20 ደቂቃ ብዙ ቢመስልም፣ ደጁን ለመሳለም፣ የሁሉንም ጫማ ለማስወለቅና ትንንሾቹን ሽንት ቤት ለማድረስ ያልቃል። መንገዱ የሚለካውም በአያት ወይም በአራት ዓመት ልጅ እርምጃ እንጂ በአባት እርምጃ አይደለም።

ማን እንደሚቆርብ ቢዘገይ እስከ ቅዳሜ ጠዋት መታወቅ አለበት። የሚቆርብ ሰው ቅዳሴው ሲጀመር መገኘት ስላለበት፣ የቤቱን ሁሉ መነሻ ሰዓት የሚወስነው እርሱ ነው። ለአዋቂ በተለምዶ የሚነገረው የጾም ልክ 18 ሰዓት ነው፤ ቁርባኑ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ የሚደርስ ከሆነ የመጨረሻው ምግብ የቅዳሜ ምሳ ይሆናል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና እንኳ አይቀመስም። የሕፃናቱን ልክ ግን የንስሐ አባት ይወስኑት፤ ከጎረቤት በሰሙት ብቻ አይሥሩ።

የቅዳሜ ዋናው ሥራ ነጠላ ነው። የስምንት ሰው ነጠላ በአንድ ጊዜ ሲታጠብ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ይሆንና፣ ሌሊት በጭላንጭል ብርሃን የማን የማን እንደሆነ መለየት የሚፈጀው ጊዜ ልጅ ከማልበስ ይበልጣል። ለዚህ የማውቀው ጥሩ መፍትሔ፣ ሲገዛም ሆነ ሲሸመን ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ቀለም ያለው ጥለት መምረጥ ነው፤ ለአንዱ አረንጓዴ፣ ለአንዷ ሰማያዊ፣ ለሌላዋ ወይን ጠጅ። እኅትማማቾችን አንድ ዓይነት ማልበስ ፎቶ ላይ ያምራል፤ እሑድ ሌሊት ግን ጠብ ያመጣል። የልጅ ነጠላ አጥሮ የሚገዛበት ልማድም አይመቸኝም፤ የሚቆርብ ልጅ ከተቀበለ በኋላ አፉን በነጠላው መሸፈን ስላለበት፣ ተመሳቅሎ ለብሶ የሚተርፍ ጫፍ ሊኖረው ይገባል።

ነጠላው ቅዳሜ ጠዋት ይታጠብ፤ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ሳይደርቅ ይተኮስ። መተኮሱን ለማታ የሚያቆይ ሰው መብራት ሲጠፋ የተጨማደደ ነጠላ ይዞ ያድራል። የከሰል ካውያ በመጠባበቂያነት ቢኖር አይከፋም፣ ነገር ግን አመድ ስለሚያራግፍ ለነጭ ልብስ አላምነውም። የተተኮሰው ነጠላ ከቀሚሱ ወይም ከሱሪውና ከሸሚዙ ጋር፣ የውስጥ ልብሱና ካልሲው ሳይቀር፣ በየሰዉ ተጠቅልሎ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይደርደር። ካልሲዎቹን ገልብጦ ማየት ይገባል፤ ቤተ መቅደስ የሚገባው ጫማ ወልቆ ነውና ቀዳዳው ሁሉ ይታያል።

ሹሩባ መሠራት፣ ገላ መታጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ በርሜሉን ውሃ መሙላት፣ ሁሉም የቅዳሜ ነው።

እሑድ ሌሊት የሚያስቸግረው የልጆቹ እንቅልፍ ይመስላል እንጂ እውነተኛው ምክንያት ቅደም ተከተሉ ነው። በብዙ ቤት እናት ሁሉንም ካለበሰች በኋላ በመጨረሻ ራሷን ለማዘጋጀት ትገባለች፤ እርሷ ስትለብስ የለበሰው ልጅ ይቆሽሻል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ወይም ተመልሶ ይተኛል። መደረግ ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚያለብሱ ሰዎች፣ ማለትም እናት፣ አባትና ትልቋ ልጅ፣ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥተው ከነጠላው በቀር ሁሉን ለብሰው ይጨርሱ። ቀጥሎ አያት ይነሡ፤ እርሳቸው መታጠቢያ ቤት መቸኮል ስለሌለባቸው ከልጆቹ በፊት መግባታቸው ለሁሉም ይጠቅማል። ልጆቹ 11 ሰዓት ላይ ከትልቁ ጀምሮ ይቀስቀሱ። ትንሹ ልጅ የሚለብሰው ከሁሉም በኋላ ነው፤ እንዲያውም ተኝቶ እያለ ሱሪውንና ካልሲውን ማልበስ ይቻላል።

አባት «መኪናውን ላሙቅ» ወይም «በሩን ልክፈት» ብሎ ቀድሞ ወጥቶ ሲቆም በብዙ ቤት አይቻለሁ። ይህ እርዳታ አይባልም። ለአባት ሁለት ልጅ በስም ተለይቶ ይሰጠው፤ ከፊት መታጠብ እስከ ጫማ ማሰር ኃላፊነቱ የእርሱ ይሁን። «እገሌን እየው» የሚባለው ልጅ ሁልጊዜ ሳይታይ የሚቀር ነው።

ቆራቢና ቆራቢ ያልሆነ ልጅ በአንድ ቤት ሲኖሩ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ከእንቅልፉ የነቃ ልጅ ሳያስበው መጀመሪያ የሚያነሣው የውሃ ብርጭቆ ነውና፣ ጆጉም ብርጭቆውም ዳቦውም ማታውኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይደሩ። ቁርስ የሚፈቀድለት ትንሽ ልጅ ካለ፣ ሌሎቹ በማያዩት ክፍል አስቀድሞ ይብላ፤ ታናሹ ዳቦ ሲገምጥ የሚያይ የሰባት ዓመት ቆራቢ «ትንሽ ብቻ» ብሎ ለመለመን ጊዜ አይፈጅበትም።

ነጠላ የሚለበሰው በር ላይ፣ ጫማ ከተደረገ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚለብስ ልጅ ወለል ሲጠርግበት ይደርሳል። ጫማን በተመለከተ ከዐሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ክር ያለው ጫማ እሑድ ባይደረግ ይመረጣል፤ ሲገቡ ማውለቅ ሲወጡ ማድረግ ስላለ፣ የሚለጠፈው ወይም ክር የሌለው ጫማ ይሻላል። የሁሉም ጫማ የሚያዝበት አንድ ትልቅ ፌስታል ወይም የጨርቅ ከረጢት አይዘንጋ፤ በየደጃፉ የተበተነ ጫማ ሲፈለግ መውጫው ይረዝማል።

ሰዓቱ ሲደርስ ያልጨረሰ ሰው ቢኖር ቤቱ ሁሉ አይጠብቀው። ቆራቢዎቹና አያት ይሂዱ፤ አንድ አዋቂ ዘግይቶ የሚነሣውን ይዞ ይከተል። ይህ በተደረገበት ቤት የሚዘገየው ልጅ በቀጣዩ እሑድ ራሱ ቀድሞ ሲነሣ አይቻለሁ፤ ጩኸት ግን ይህን ውጤት ሲያመጣ አላየሁም።

ማን ከማን ጋር እንደሚቆም በመንገድ ላይ ይነገር። ወንዶች በሰሜን በኩል፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ስለሚቆሙ፣ ትንሹ ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ከአባቱ ጋር በር ላይ ቆሞ መከራከር አያስፈልግም። በልማደ አንስት (በወር አበባ) ምክንያት በዚያ እሑድ ወደ ውስጥ የማትገባ ሴት ካለች፣ ከዛፍ ሥር ሆና በድምፅ ማጉያው እያስቀደሰች የጫማውን ከረጢትና መቆም ያቃተውን ሕፃን ልትይዝ ትችላለች። ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ወይም ቆሎ ይቀመጥ፤ የቆረቡት ልጆች ጠበሉን ከጠጡ በኋላ እስከ ቤት ድረስ የሚያዘልቃቸው እርሱ ነው። የሚከፈተው ግን ከግቢው ከተወጣ በኋላ ይሁን።