አውትሉክ (የማይክሮሶፍቱ የሜይል ፕሮግራም) የተሳሳተ አድራሻ ሲያመጣላችሁ ወይ ጭራሽ አላመጣም ሲል ምን ይደረጋል

ድሬ ላይ ትራንዚት ቢሮ፣ አስመጪ ጋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ምናምን የምትሰሩ ይሄ ነገር በደንብ ይገባችኋል። "ቱ" የሚለው ቦታ ላይ የ"አብዲ"ን የመጀመሪያ ሁለት ፊደል ስትነኩ አውትሉክ ያሉትን አብዲዎች በሙሉ ይደረድራቸዋል፣ አንዱ ጅቡቲ ያለው ኤጀንት ነው፣ አንዱ ሳቢያን ሰፈር ያለ ደንበኛ፣ አንዱ ደግሞ ድሮ ስራ የለቀቀ ሰው፣ እናንተ ተቻኩላችሁ ኢንተር ትላላችሁ፣ ኢንቮይሱ የሌላ ነጋዴ እጅ ይገባል። እቃው ወደብ ላይ ቆሞ ዶክመንት ሲዘገይ የሚቆጥረውን ብር ደግሞ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ይሄን ያዙ፣ ያ ስትጽፉ የሚመጣው ሊስት ኮንታክት አይደለም! ከዚህ በፊት ሜይል የላካችሁላቸውን አድራሻዎች ፕሮግራሙ ራሱ እየለቀመ የሚያስቀምጠው ነው፣ ልክም ይሁን ስህተት አይለይም። አንዴ "ጂሜይል" ላይ ፊደል አዛብታችሁ ከላካችሁ ያቺ የተዛባች አድራሻ እስክታጠፏት ድረስ እየመጣች ትረብሻችኋለች። መያዝ የሚችለውም እስከ 1000 አድራሻ ነው፣ ከዛ ብዙ የማትጠቀሙባቸው እየወጡ ይሄዳሉ።

አንድ አድራሻ ብቻ ከሆነ የሚያስቸግራችሁ፣ አዲስ ሜይል ክፈቱ፣ ስሙን ጀምሩ፣ ሊስቱ ሲወርድ በቀስት ቁልፉ እሱ ላይ ቁሙና ዲሊት በሉት፣ ወይ በቀኝ በኩል ያለችዋን ኤክስ ንኩ። አለቀ። ብዙ ሰው ግን ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል ገብቶ "ኢምፕቲ አውቶ ኮምፕሊት ሊስት" የሚለውን ይጫናል። አቦ እሱን ተዉት! የአመታት አድራሻ በአንዴ ነው የሚጠፋው፣ ለአንድ አብዲ ተብሎ የጅቡቲውን፣ የባንኩን፣ የጉምሩኩን ሁሉ መልሶ መለቃቀም ነው የሚሆነው።

ጭራሽ ምንም የማያመጣ ከሆነ እዛው ሜይል ኦፕሽን ውስጥ "ሴንድ ሜሴጅስ" የሚለው ጋ ውረዱ፣ "ዩዝ አውቶ ኮምፕሊት ሊስት" የሚለው ሳጥን ቲክ መደረጉን እዩ። ቲክ ተደርጎም ዛሬ የጻፋችሁትን ነገ የሚረሳ ከሆነ አዘጋጉን ተጠራጠሩ፣ ሊስቱ ብዙ ጊዜ ሴቭ የሚሆነው አውትሉክ በስነስርአት ሲዘጋ ነው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ወይ ኮምፒውተሩን በቁልፉ ድርግም ስታደርጉት የእለቱ ይቀራል። ዩፒኤስ የሌላችሁ ወደ ምሳ ስትወጡ ፕሮግራሙን ዝጉት፣ ትንሽ ነገር ናት ግን ትጠቅማለች።

ኮምፒውተር ተቀይሮ ወይ ፕሮፋይል አዲስ ተሰርቶ ሊስቱ ከጠፋ ደግሞ እንደ አካውንቱ ነው። ማይክሮሶፍት 365 ወይ ኤክስቼንጅ (የድርጅት ሜይል ሰርቨር) ከሆነ ከሜይል ቦክሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ይመለሳል፣ አይማፕ (ሌሎች ሜይሎች ከአውትሉክ ጋር የሚገናኙበት መንገድ) ከሆነ ግን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ነው የቀረው፣ ስለዚ አሮጌውን ፎርማት አታስደርጉ! የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ አፕዳታ (የተደበቀ ነው፣ ሂድን ፋይል አሳይ በሉት)፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ አውትሉክ፣ ሮምካሽ ብላችሁ ስትገቡ ስሙ "ስትሪም አውቶኮምፕሊት" ብሎ የሚጀምር ፋይል አለ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙት። አዲሱ ላይ አንድ ሁለት ሜይል ላኩና እሱም የራሱን ፋይል ይፍጠር፣ ከዛ አውትሉክን ዘግታችሁ የአዲሱን ፋይል ስም ኮፒ አድርጉ፣ አዲሱን ወደ ሌላ ቦታ አንሱትና አሮጌውን በዛው ስም አስገቡት። ይሄ ለክላሲኩ (ለነባሩ) አውትሉክ ነው፣ አዲሱ አውትሉክ ላይ አይሰራም።

ሌላ ብዙ ሰው የሚደናገርበት አለ፣ አንድ የቢሮ ሰው ለቆ ተመልሶ ሲመጣ ወይ ሜይሉ ጠፍቶ እንደገና ሲሰራለት፣ አድራሻው ያው ነው፣ ከውጪ ሲላክለት ይደርሳል፣ ከቢሮ ስትልኩ ግን 5.1.1 (አድራሻው አልተገኘም ማለት ነው) የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ሊስቱ የያዘው የሚታየውን አድራሻ ሳይሆን ሰርቨሩ ውስጥ የነበረውን የድሮ መለያ ስለሆነ ነው። ከሊስቱ አጥፉትና አድራሻውን ሙሉውን በእጃችሁ ጻፉ። ከቢሮ ለእሱ የሚልኩት ሁሉ እየተመለሰባቸው ከሆነ ግን የተመለሰውን ሜይል ሳትቆርጡ ለአይቲ ላኩ፣ የድሮውን መለያ እነሱ ናቸው ሜይል ቦክሱ ላይ የሚጨምሩት።

ጂሜይል የምትጠቀሙ ኮንታክትስ ውስጥ "አዘር ኮንታክትስ" የሚለው ጋ ግቡና የማትፈልጉትን እዛ አጥፉ፣ ከሴቲንግ ደግሞ "አይል አድ ኮንታክትስ ማይሰልፍ" ካላችሁት በራሱ መልቀሙን ያቆማል።

ገንዘብ የምትልኩላቸውን ሰዎች በተመለከተ ግን በጣም አደራ፣ አንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ ሰፕላየር መስሎ የሚጽፍ ሌባ አለ፣ ለእሱ አንዴ ከላካችሁ ሊስቱ ውስጥ ከእውነተኛው ጎን ሊቀመጥ ይችላል። ወዲያው አጥፉት። የእውነተኛውን አድራሻ ኮንታክት ላይ በሙሉ ስም ከነድርጅቱ ሴቭ አድርጉ፣ ስትልኩ ስሙን ጽፋችሁ ኮንትሮል እና ኬ ስትጫኑ ከአድራሻ ደብተሩ ይፈልግላችኋል፣ አብዲዎቹ ከበዙም ምረጡ ብሎ ያሳያችኋል። ባንክ አካውንት ተቀይሯል የሚል ሜይል ከመጣ ደግሞ ሪፕላይ ሳታደርጉ በምታውቁት ስልክ ደውሉ።