የአገራችንን ተመራማሪዎች ወክሎ ብራስልስ ለመናገር፦ ለተተኪዎቼ የተጻፈ

በዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ጽሕፈት ቤት ሥራ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ያሳለፍኩት ከሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቼ ጋር፣ የውጭ የምርምር ገንዘብ ደንብ በሚረቀቅበት ቦታ ሁሉ፣ በተለይም የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው ብራስልስ፣ የእኛም ሰዎች ድምፅ እንዲሰማ በመሯሯጥ ነው። በቅርቡ ሥራውን አስረክባለሁ። ይህን የምጽፈው ለሚተኩኝ ልጆችና በየዩኒቨርሲቲው «የውጭ ግንኙነቱን አንቺ ያዢው፣ አንተ ያዘው» ለተባላችሁ ሁሉ ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ፋይናንስ ክፍል ሂዱ። የገንዘብ አሰጣጡ ደንብ የት ጋ እንደሚጎዳን ከማንም በላይ የምታውቀው በየወሩ ደረሰኝ የምታወራርደዋ ሠራተኛ ናት። እኔን ያስተማረችኝ የእኛዋ ናት። ነሐሴ 2017 ላይ ሦስት ቦክስ ፋይል ተሸክማ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችና «ገንዘቡን በትክክል አውጥተናል፣ ደረሰኙም ሙሉ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ጎደለ። እስቲ እርስዎ የት እንደሄደ ይንገሩኝ» አለችኝ። እስከ ማታ አብረን ተቀመጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆራይዘን ዩሮፕ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም ሥር ባለ ፕሮጀክት የወጣ ብር ወደ ዩሮ የሚመነዘረው በሪፖርቱ ዘመን አማካይ ተመን ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የብርን የቀን ተመን ስለማያወጣ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ወር በወር የሚያትመው ተመን ይወሰዳል፤ የእሱ አማካይ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አሁን አስሉት። ከለውጡ በፊት 10,000 ዩሮ በ62 ብር መንዝረን በ620,000 ብር መሣሪያ ገዛን እንበል። የሪፖርቱ ዘመን 18 ወር ነው፣ አማካዩ 100 ብር ወጣ እንበል። መሣሪያው በሪፖርቱ ላይ 6,200 ዩሮ ብቻ ሆኖ ይቆጠራል። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳይሳሳት 3,800 ዩሮ ጠፋ። በእርግጥ ከለውጡ በኋላ ያወጣ ሰው በተቃራኒው ይጠቀማል። የእኛ ፕሮጀክቶች ግን መሣሪያና ኬሚካል የሚገዙት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ይህን ደንብ የጻፉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። በአንድ ሰሞን ግማሽ ዋጋውን ያጣ ገንዘብ በእጃቸው ይዘው ስለማያውቁ አልታያቸውም። ሊነግራቸው የሚገባው እኛ ነበርን፤ እኛ ደግሞ እዚያ አልነበርንም።

ስለዚህ ማስረጃ ስትሰበስቡ «ምን ችግር አለባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ የሚመጣው መልስ «በጀት ያንሳል» ነው፣ እሱን ይዛችሁ የትም አትደርሱም። «ሥራው የቆመበትን ቀን ንገሩኝ» በሉ። ያኔ ግዥ ክፍል ጉምሩክ ስለተያዘው ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) ከነቀኑ ይነግራችኋል፤ ላቦራቶሪው ቅድመ ክፍያው ከአስተባባሪው ዩኒቨርሲቲ ሳይላክ የከረመባቸውን ወራት ይቆጥርላችኋል። ከገንዘቡ ውጭ ያለውንም ጠይቁ፤ ናሙናው፣ ዘሩ፣ መረጃው በመጨረሻ በማን ስም ሆነ? ጤፍን ሁላችንም እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ በውጭ ሰዎች ስም የተያዘው የጤፍ ዱቄት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ኔዘርላንድስ ውስጥ በሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪሆን እስከ እ.ኤ.አ. 2018 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ቀጥሎ ውክልና ያዙ። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ማለቴ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በግሌ ስም አስተያየት ልኬ አንድ ሰው «ይህን የሚሉት በማን ስም ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ በየትኞቹ ጉዳዮች ላይ መናገር እንደምትችሉ፣ አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ማን አጽድቆ እንደሚያሳልፍላችሁ። ሁለተኛው ከሌለ ረቂቃችሁ ከአንዱ ምክትል ፕሬዚዳንት ወደ ሌላው ሲመራ ቀኑ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የምታነሡት መስመር በየትኛው ሰነድ ውስጥ እንደሚኖር ፈልጉ፤ የምታንኳኩትን በር የሚወስነው እሱ ነው። የፕሮግራሙ ደንብ ከሆነ የሚወስኑት የአውሮፓ ፓርላማና የአባል አገራት ምክር ቤት ናቸው። በየጊዜው የሚወጣው የሥራ ፕሮግራም ከሆነ ኮሚሽኑ ያረቅቀዋል፣ የአባል አገራት ተወካዮች በኮሚቴ ድምፅ ይሰጡበታል። የብር ምንዛሪው ነገር ያለው ደግሞ በሞዴል የግራንት ስምምነቱ፣ ማለትም ገንዘብ ተቀባዮች በሚፈርሙት የውል ናሙና ውስጥ ነው፤ እሱ የኮሚሽኑ ሰነድ ነው። እኛ ይህን ሳንለይ ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ ስንጽፍ ወራት አቃጥለናል።

ጊዜውንም እወቁ። ሆራይዘን ዩሮፕ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚቆይ፣ ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ የተመደበለት ፕሮግራም ነው። ኢትዮጵያ ገንዘቡን በቀጥታ ማግኘት ከሚችሉት አገራት መካከል ናት፣ ድምፅ ግን የላትም። እ.ኤ.አ. ከ2028 እስከ 2034 ለሚተካው ፕሮግራም ኮሚሽኑ 175 ቢሊዮን ዩሮ ያቀደበትን ረቂቅ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 9 ቀን 2017 ይፋ አድርጓል። የጥሪ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም፤ መናገር ያለባችሁ ረቂቁ ሳይደርቅ ነው። ኮሚሽኑ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የአስተያየት መስጫ አለው፤ ለመነሻ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት፣ ለሰፊው መጠይቅ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሰጣል። ከአውሮፓ ውጭ ያለ ተቋምም መመለስ ይችላል።

ድምፅ ስለሌለን በወዳጅ በኩል መግባት ግድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አባል የሆነበት የአፍሪካ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት፣ አሩዋ፣ ብራስልስ ካለው ዘ ጊልድ ከተባለው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ጋር ይሠራል፤ እነሱ ኮሚሽኑ ደጃፍ ላይ ናቸው። የፕሮጀክት አጋራችሁ ዩኒቨርሲቲም አገሩን በኮሚቴው ለሚወክለው ሰው መልእክት ሊያደርስላችሁ ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ እዚሁ ያለውን ነው። የአፍሪካ ኅብረት የትምህርት፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መምሪያም፣ በኅብረቱ ዘንድ ያለው የአውሮፓ ልዑክ ጽሕፈት ቤትም አዲስ አበባ ናቸው። የናይሮቢና የአክራ ባልደረቦቻችን አውሮፕላን ተሳፍረው የሚመጡበትን ቢሮ እኛ በታክሲ እንደርሳለን።

የምትሰጡት ወረቀት አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ የደረሰው ነገር ከነቀኑና ከነአሃዙ፤ ከዚያ የአሁኑ ቃል እንዳለ ተገልብጦ፤ ከሥሩ እንዲሆን የምትፈልጉት ቃል። የእኛው ጥያቄ በአማርኛ ሲነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ዕለታዊ ተመን ለሌለው ገንዘብ፣ ምንዛሪው ወጪው በተከፈለበት ወር ተመን ይሁን።» አማካዩን አውጥተን ወሩን አስገባን፣ በቃ። ተለዋጭ ቃሉን ጽፋችሁ ካልሰጣችሁ፣ የሰማችሁ ሰው አዝኖላችሁ ወደ ሌላው ሥራው ይሄዳል። የኮሚሽኑ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ክፍት ቦታዎችን ጨምሮ 4,000 ፊደል ብቻ ስለሚቀበል ስለ አገራችን የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ መግቢያ አትጻፉ። እኔ ታሪኩን እወደዋለሁ፣ ቦታው ግን እዚያ አይደለም።

ሰዓት ላይ አደራ። አንድ ጊዜ ማብቂያው በብራስልስ ሰዓት 17፡00 የሆነ ሰነድ፣ በስልክ መልእክት ሲተላለፍ «እስከ ማታ 5 ሰዓት» ተብሎ ደረሰን። በእኛ አቆጣጠር ተረድተነው እስከ ሌሊቱ መዳረሻ ጊዜ ያለን መስሎን ስናሳምር አመሸን። ወቅቱ ክረምታቸው (የብርድ ወራቸው) ስለነበር ያበቃው በእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነበር። የአራት ዩኒቨርሲቲዎች የሁለት ወር ሥራ ሳይላክ ቀረ፤ ዛሬም ሲታወሰኝ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳዬ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ ብራስልስ 17፡00፣ በክረምታቸው ለእኛ ምሽት 1 ሰዓት፣ በበጋቸው 12 ሰዓት። እናንተም ጻፉት፤ የምትልኩት ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ይሁን።

ስብሰባ ላይ ስትገቡ ምስጋናውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሱ። ሦስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ በመጀመሪያው ደቂቃ መሣሪያውንና 3,800 ዩሮውን ተናገሩ። «ጥቅል ክፍያ ተጀምሯል እኮ፣ እዚያ ወጪ አይመነዘርም» የሚል ይነሣል፤ በደረሰኝ ሳይሆን አስቀድሞ በተቆረጠ ድምር የሚከፈለውን ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፣ ተቀበሉት፤ ነገር ግን በጥቅል ክፍያ ከቅድመ ክፍያው በኋላ ያለው ገንዘብ የሚለቀቀው የሥራው ክፍል ሲጠናቀቅ ስለሆነ ኬሚካሉ ጉምሩክ ለከረመበት ላቦራቶሪ ሌላ ስጋት እንዳለው አስረዱ። ይህን መልስ ቀድማችሁ ከፋይናንስ ክፍል ጋር ተለማመዱት።

ብራስልስን ብቻ አትከታተሉ፤ የሌሎቹንም ገንዘብ ሰጪዎች ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ በአሜሪካ ተቋማት በኩል ለውጭ አጋሮች የሚተላለፍ አዲስ ገንዘብ እንደማይሰጥ ሲያስታውቅ፣ የሰማነው እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው።

ከተመለሳችሁ በሳምንት ውስጥ ለላኳችሁ ሰዎች በአማርኛ ጻፉላቸው፤ ምን እንዳላችሁ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ ምን እንደቀረ። የእኛ የምንዛሪ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም። ወረቀቱ በሁለት አጋር ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ለአገራቱ ተወካዮች ደርሷል፤ አንዱ ተወካይ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ሌሎች አገራት ካሉ አሃዙን እንድናመጣለት ጠይቋል። የማስረክባችሁ የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው። ቦክስ ፋይሎቹ ፋይናንስ ክፍል ናቸው፤ ስትሄዱ ከእሷ ጋር ቡና ጠጡ።