ካሜራውና ኮምፒውተሩ አልግባባ ሲሉ፦ ከኬብሉ እስከ ድራይቨሩ አንድ በአንድ

ካሜራውን ትሰካላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ጸጥ ይላል። ወይም የመሰካት ድምፅ ያሰማና መሣሪያውን ማወቅ እንዳልቻለ ይነግራችኋል። አንዳንዴ ደግሞ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ መጫን ይጀምርና መንገድ ላይ ያቆማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚሮጠው ኢንተርኔት ገብቶ ድራይቨር ፍለጋ ነው። የሰው ካሜራ ከሰው ኮምፒውተር ጋር ሳገናኝ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ፤ ድራይቨሩ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ከሁሉም ባነሰ ጊዜ ነው። ኬብሉ፣ ባትሪው፣ ካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለች አንዲት ምርጫ፤ ነገሩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዊንዶውስ 98 ዘመን ካሜራና ኮምፒውተር የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው እያንዳንዱ አምራች የራሱን ድራይቨር በሲዲ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ፒቲፒ የሚባለው የፎቶ ማስተላለፊያ ደንብ ወጣ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ቋንቋ አብሮት ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ዊንዶውሶችም ማኮችም ያውቁታል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ንግግሩ የት ላይ እንደተቋረጠ መፈለግ ነው። ፍለጋውን ከካሜራው ጀምረን ወደ ኮምፒውተሩ እንሄዳለን።

ከሁሉም በፊት፦ "ፎርማት" የሚለውን አትጫኑ

ኮምፒውተሩ ካርዱን ማንበብ ሲያቅተው "ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብዎት" የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል። እምቢ በሉት። አንድ ወዳጄ የልጁን የመጀመሪያ ልደት ፎቶዎች የያዘ ካርድ ላይ ይህን ጥያቄ እሺ ብሎ መልሶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የደወለልኝ። የእሱ ዕድል፣ ከዚያ በኋላ በካርዱ ላይ አንድም ፎቶ አላነሳበትም ነበር። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ፎቶዎቹን ወዲያው አያጠፋም፤ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በማስመለሻ ሶፍትዌር የማውጣት ተስፋ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ ካርዱን ከካሜራው አውጡና ለብቻው አስቀምጡት።

1. ካሜራው ራሱ ዝግጁ ነው?

ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ብዙ ካሜራዎች ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ የሚሠሩት በራሳቸው ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ግንኙነቱ ይቆረጣል ወይም ከናካቴው አይጀምርም። ካሜራው ራሱን የሚያጠፋበትን ሰዓትም ከሜኑው አርዝሙት፤ አለዚያ እናንተ ኮምፒውተሩን ስትመረምሩ እሱ ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

ካሜራውን አጥፍታችሁ ሰኩት፤ ከዚያ አብሩት። አንዳንዱ ካሜራ የሚናገረው ፎቶ ማሳያው ላይ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ የሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበትን የማሳያ ቁልፍ ተጫኑ። ዋይፋይ ያለው ከሆነ ዋይፋዩን ዝጉት። በአንዳንድ የካኖን ሞዴሎች ዋይፋይ እስከተከፈተ ድረስ ኬብሉ አይሠራም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩን ሙሉ ቀን ሊወቅስ ይችላል።

2. ኬብሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ተራ የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ቢላጥ በውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ይገኛሉ፦ ቀይና ጥቁሩ ለኃይል፣ አረንጓዴና ነጩ ለዳታ። ለቻርጅ ብቻ ተብለው በሚሠሩ ኬብሎች ውስጥ ሁለቱ የዳታ ሽቦዎች የሉም። ከውጭ ሲታዩ ምንም ልዩነት የላቸውም፤ ካሜራው ላይ የቻርጅ መብራት ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድም ቃል አይሰማም። "ኬብሉ ደህና ነው፣ ቻርጅ ያደርጋል" የሚለው ማረጋገጫ የማያሳምነኝ ለዚህ ነው። የሚያሳምነኝ ፈተና ሌላ ነው፤ በዚያው ኬብል ስልክ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ፋይል ኮፒ አድርጉ። ፋይሉ ካለፈ ኬብሉ ዳታ ያስተላልፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የኬብሉ ዓይነት ነው። በብዙ የኪስ ካሜራዎች ላይ የኮምፒውተሩም የቴሌቪዥኑም ኬብል የሚሰካው አንዱ ቀዳዳ ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ ኬብል በሌላኛው ጫፉ ቢጫና ሌላ ቀለም ያላቸው ክብ መሰኪያዎች ስላሉት ይለያል፤ እሱ ለኮምፒውተር አይሆንም። ሚኒ ዩኤስቢ፣ ማይክሮ ዩኤስቢና ዩኤስቢ ሲ የተለያየ ቅርጽ አላቸው፤ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የራሳቸውን ልዩ ቅርጽ ይጠቀሙ ነበር። ካልገባ በጉልበት አትግፉት። የስልክ መብራት አብርታችሁ የካሜራውን ቀዳዳ ተመልከቱ፤ ከቦርሳ የገባ ብናኝ በመካከለኛው ምላስ ዙሪያ ተጠቅጥቆ ኬብሉን እስከ መጨረሻው እንዳይገባ የከለከለበትን ካሜራ በዓይኔ አይቻለሁ። ካሜራውን አጥፍታችሁ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ መርፌ ግን አትጠቀሙ።

3. ፖርቱ

ኬብሉን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው ኃይል እስከ 500 ሚሊአምፒር ነው፤ የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ ይህችኑ ለኪቦርድ፣ ለማውስና ለካሜራ ያካፍላታል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ከፊት ያሉትን ፖርቶች ትታችሁ ከኋላ ሞክሩ፤ የኋላዎቹ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ሲሆኑ የፊቶቹ የሚገናኙት በውስጥ ገመድ ነው፤ እሱም ሊላቀቅ ይችላል።

4. ሜኑ ውስጥ ያለችው ምርጫ

የካሜራውን ሜኑ ክፈቱና "ዩኤስቢ" የሚል ቃል ያለበትን መስመር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ፣ የመፍቻ ምልክት ባለበት ገጽ ላይ ነው። የምታገኟቸው ስሞች እነዚህ ናቸው፦ ማስ ስቶሬጅ፣ ፒቲፒ፣ ኤምቲፒ። ማስ ስቶሬጅ ላይ ካሜራው እንደ ፍላሽ ዲስክ ይታያል፤ ኮምፒውተሩም የድራይቭ ፊደል ይሰጠዋል። ፒቲፒና ኤምቲፒ ላይ ግን ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ ካሜራ ስለሆነ ፊደል አያገኝም፤ በስሙ ነው የሚወጣው። ኤምቲፒ ማይክሮሶፍት ፒቲፒን አስፍቶ የሠራው ነው።

ካሜራው አንዱ ላይ ካልሠራ ወደ ሌላው ቀይሩት፣ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። ማስ ስቶሬጅ ካለው እኔ የማስቀድመው እሱን ነው፤ የማያውቀው ኮምፒውተር የለም ማለት ይቻላል። የሶኒ ካሜራ ያላችሁ፣ ምርጫው "ፒሲ ሪሞት" ላይ እንዳልተቀመጠ እዩ። ያ ሞድ ካሜራውን ከኮምፒውተር ሆኖ ለመቆጣጠር የተሠራ ስለሆነ የካርዱ ፎልደሮች ላይታዩ ይችላሉ።

5. ዊንዶውስ ምን እያለ ነው?

እስካሁን ያለው ካልፈታው አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንለፍ። ካሜራው እንደተሰካ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር "ዲቫይስ ማኔጀር"ን ክፈቱ። ኬብሉን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ፤ ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ይታደሳል ወይስ እንዳለ ይቆያል? ምንም ካልተንቀሳቀሰ ኮምፒውተሩ መሰካቱን እንኳ አልሰማም፤ ወደ ኬብሉ ተመለሱ።

ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ካያችሁ ሁለቴ ተጫኑት፤ የስህተት ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩን አትለፉት፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ፍንጭ እሱ ነው። 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም። 10 ከሆነ መሣሪያው መነሳት አልቻለም። 52 ከሆነ የድራይቨሩን ፊርማ ዊንዶውስ ማረጋገጥ አልቻለም። 43 ሲሆን፣ በተለይም ከጎኑ "ዲቫይስ ዲስክሪፕተር ሪኩዌስት ፌይልድ" የሚል ካለ፣ ኮምፒውተሩ ካሜራውን ማን ነህ ብሎ ጠይቆ መልስ አላገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ድራይቨር መፈለጉ ብዙም አይፈይድም፤ ኬብሉን ወይም ፖርቱን ቀይሩ።

28 ወይም 10 ላይ እንዲህ አድርጉ። መስመሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "አንኢንስቶል ዲቫይስ" በሉ፤ የድራይቨሩን ሶፍትዌርም ላጥፋ የሚል ሳጥን ካለ ምልክት አድርጉበት። ካሜራውን ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ እንደገና ሰኩ። ዊንዶውስ ከባዶ ይጀምራል፤ የተበላሸው የቀድሞ ጭነት ከመንገዱ ይነሳለታል።

እንዲህም ሆኖ እምቢ ካለ ራሳችሁ ምረጡለት። ራይት ክሊክ፣ "አፕዴት ድራይቨር"፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ላይ ፈልግ የሚለውን፣ በመጨረሻም ከዝርዝር ልምረጥ የሚለውን ተጫኑ። በፖርተብል ዲቫይስ ሥር "ኤምቲፒ ዩኤስቢ ዲቫይስ" የሚለው ከወጣ ምረጡት። ይህ ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ነው፤ የሚወርድ ነገር የለውም።

ካሜራው ማስ ስቶሬጅ ላይ ሆኖ ድምፁ ከተሰማ፣ ስህተትም ከሌለ፣ ግን ድራይቩ የማይታይ ከሆነ የድራይቭ ፊደሉ ከሌላ ድራይቭ ፊደል ጋር ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። "ዲስክ ማኔጅመንት"ን ከፍታችሁ የካሜራውን ካርድ በመጠኑ ለዩት፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ያልተያዘ ፊደል ስጡት። እዚያው አጠገብ ፎርማት የሚል አለና እጃችሁን አስተውሉ።

ስሙ መጨረሻ ላይ ኤን የሚል ፊደል ያለበት ዊንዶውስ ካላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳለፈው ውሳኔ ምክንያት የተዘጋጀው ይህ ዓይነት የሚዲያ ክፍሎቹ ተነሥተውለታል፤ ኤምቲፒም አብሮ ይጎድላል። ሴቲንግ ውስጥ ካለው "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ላይ "ሚዲያ ፊቸር ፓክ"ን ጨምራችሁ ሪስታርት አድርጉ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የዩኤስቢ ዕቃ እንዳይሰካበት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል የአይቲ ባለሙያውን ጠይቁ።

6. ከካሜራው ጋር የመጣው ሲዲ

የቆየ ሲዲ ካላችሁ ካርቶኑ ውስጥ ተዉት። ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፤ ብትታገሉት ትርፉ የተዘበራረቀ ጭነት ነው። የአምራቹ ሶፍትዌር የግድ ካስፈለጋችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ ለእናንተ ሞዴልና ለእናንተ ዊንዶውስ የወጣውን አውርዱ። ካሜራው ከመሰካቱ በፊት ጫኑ የሚል መመሪያ ካለው ቅደም ተከተሉን አክብሩ። "ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ አስተካክላለሁ" የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን አደራ፣ አትጫኑ። ካሜራ አስገባለሁ ብሎ ቫይረስ ያስገባ ሰው አውቃለሁ።

ማክና ሊኑክስ ላይ

ማክ ላይ ፒቲፒ ላይ ያለ ካሜራ ፋይንደር ውስጥ አይወጣም። "ኢሜጅ ካፕቸር" የሚባለውን አብሮ የሚመጣ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ካሜራው በግራ በኩል ይታያል። የአፕል ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ቬንቹራ ጀምሮ አዲስ ዕቃ ሲሰካ ልፍቀድለት ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውን ሳታዩ ዘግታችሁት ከሆነ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩና ፍቀዱ። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚሆነው የፋይል ማሳያው ካሜራውን ቀድሞ ይዞት ሌላው ፕሮግራም ማግኘት ሲያቅተው ነው፤ ከፋይል ማሳያው ላይ አስለቅቁትና ሞክሩ።

7. ካርዱን አውጥቶ ማንበብ

ካሜራውና ኮምፒውተሩ አሁንም ሆድና ጀርባ ከሆኑ ካሜራውን አጥፉ፣ ካርዱን አውጡና በካርድ ሪደር ሰኩት። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ፎቶ የማወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የካሜራውን ባትሪ አይበላም፣ ቀዳዳውንም አያደክመውም።

ሪደሩ ካርዱን ካላነበበ ዕድሜያቸውን አስተያዩ። ኤስዲ እስከ 2 ጊጋባይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋባይት፣ በ2009 የመጣው ኤስዲኤክስሲ እስከ 2 ቴራባይት ይደርሳል። ሦስቱም መልካቸው አንድ ስለሆነ አሮጌ ሪደር ውስጥ አዲሱ ካርድ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ሪደሩ ግን ሊያነበው አይችልም። ላፕቶፑ ላይ ያለው ማስገቢያም ያረጀ ከሆነ ያው ነው፤ አዲስ ሪደር ይፈታዋል።

ካርዱ ሲከፈት "ዲሲአይኤም" የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ ፎቶዎቹ በውስጡ ባሉት ንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ናቸው። ቁረጥ ከምትሉ ኮፒ በሉ። መሃል ላይ ኬብሉ ቢላቀቅ ዋናው ካርዱ ላይ ይቀራልና። ኮፒው ሲያልቅ የተወሰኑትን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታችሁ አጉልታችሁ እዩ፤ ትንንሹ ምስል ደህና ሆኖ ዋናው ፋይል ግማሹ ግራጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከዚያ ከታች በቀኝ ካለው "ኢጀክት" ካርዱን አስለቅቃችሁ አውጡ። ካርዱን ባዶ የምታደርጉት ወደ ካሜራው መልሳችሁ በካሜራው ሜኑ ይሁን።