ረጅም ቪዛ ለተመታለት ሰው መመለሻ ቲኬት ያስፈልገዋል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቲኬት መቁረጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሳልጠየቀው የማልውለው ጥያቄ አንድ ነው። "መመለሻ ካልገዛሁ ከኤርፖርት ይመልሱኛል?"

አምና ጥምቀት እንዳለፈ አንዲት እናት መጡ። ፓስፖርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ልጃቸው ካናዳ ነው። ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠው ሱፐር ቪዛ ተመቶላቸዋል። "ልጄ፣ መመለሻ ካልያዝሁ አያሳፍሩኝም ይላሉ። እኔ መቼ እንደምመለስ በምን አውቃለሁ? ምራቴ ገና አልወለደችም" አሉኝ። ቋጠሮውን ፈትተን ቪዛውን አብረን አነበብን። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ቪዛ ላይ ሁለት ነገር ለዩ። ቪዛው እስከ መቼ ያገለግላል? አንዴ ከገባችሁስ ስንት ቀን ያስቀምጣችኋል? ብዙ ሰው እነዚህን ያምታታል። የሼንገን (ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት) "ሲ" ቪዛ ለአንድ ዓመት ቢመታላችሁም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። ይህ አጭር ቪዛ ነው፤ እንዴት እንደምትመለሱ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፣ መመለሻ ያዙ። "ዲ" የሚል ከሆነ ግን ከ90 ቀን በላይ ልትቆዩ ነው የምትሄዱት። ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ወይ ቤተሰብ ጋ ለመኖር። ዲቪ ደርሶት የሚሄደውም፣ ካናዳ ሊማር የሚሄደውም እንደዚሁ ለመቆየት ነው የሚሄደው። ለእነዚህ ሰዎች የመሄጃ ቲኬት ብቻ መያዝ የተለመደ ነው።

ደግሞ አስቡት። አየር መንገዶች መቀመጫ የሚሸጡት ከ11 ወር ገደማ ቀድመው ነው። ቲኬቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ አይቆይም። ሁለት ዓመት የሚማር ልጅ የሚመለስበትን ቀን ልግዛ ቢል እንኳ የሚሸጥለት የለም።

ታዲያ ለምን ይጠይቃሉ? መንገደኛውን የሚሄድበት አገር ኢሚግሬሽን አላስገባም ካለው፣ መልሶ የማምጣቱ ጣጣ የአየር መንገዱ ነው። ብዙ አገር ቅጣትም አለው። ስለዚህ ቼክ ኢን ላይ ያለው ሠራተኛ የየአገሩን የመግቢያ ደንብ የሚያሳይ ቲማቲክ የሚባል ሲስተም ውስጥ ፓስፖርታችሁንና ቪዛችሁን አስገብቶ ያያል። ክፋት አይደለም። የእናንተ ድርሻ ሥራውን ማቅለል ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ጀርመን ለማስተርስ ሲሄድ የሆነውን ልንገራችሁ። የጀርመን የትምህርት ቪዛ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚሰጠው። የቀረውን እዚያ የሚያወጡት የመኖሪያ ፈቃድ ይሸፍነዋል። ሠራተኛዋ የቪዛውን ማብቂያ አይታ "መመለሻህስ?" አለችው። "የለኝም።" "ስንት ጊዜ ትቆያለህ?" "ገና አላወቅሁም።" በቃ፣ ነገሩ ከረረ። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ ነው። መሬት ላይ ዘርግፎ፣ ከሽሮና ከበርበሬው መሀል አወጣው። በርበሬ የነካውን ወረቀት ነው ያሳያት። አሳፈሩት፤ ግን ላቡ ጠብ እያለ።

ስለዚህ ወረቀታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የሥራ ውሉን ወይም የጥሪ ደብዳቤውን፣ የምታርፉበትን አድራሻ። አትሙት፤ የስልክ ባትሪ አይታመንም። መልሳችሁም አጭር ይሁን። "ለሁለት ዓመት ትምህርት ነው። እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ አወጣለሁ። ደብዳቤው ይኸው።" ካላመኑ በትሕትና "እባክዎ ቲማቲክ ላይ ይዩልኝ፣ ወይም ሱፐርቫይዘር ይጥሩልኝ" በሉ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋልና ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ሱፐር ቪዛ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በአንድ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል፤ ያም ሆኖ እንግድነት ነው። ካናዳ ሲገቡ መኮንኑ እንደሚመለሱ ሊያምን ይገባል። እኒያን እናት የመከርኳቸው ቀኑ የሚቀየር ደርሶ መልስ እንዲገዙ ነው። የዋጋው ልዩነት ብዙ አልነበረም። የልጃቸውን የጥሪ ደብዳቤና ቢያንስ ለአንድ ዓመት 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍነውን የሕክምና ኢንሹራንስ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ አደረግንላቸው።

አደራ የምላችሁ ግን የውሸት ቲኬት አትያዙ። "ወረቀት ላሠራልህ" የሚል አይጠፋም። የቡኪንጉን ስድስት ፊደልና ቁጥር ሲስተም ላይ ሲመቱት ወዲያው ይታወቃል። ያልተከፈለበት ቡኪንግም ቢሆን በቀን በሁለት ቀን ይወድቃል። ስንት የተለፋበት ቪዛ በአንድ ወረቀት አፈር ሲበላ ማየት ያንገበግባል። ማሳያ የግድ ካስፈለጋችሁ ገንዘቡ የሚመለስ ቲኬት ግዙ፤ ስንት እንደሚቆረጥ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ትራንዚቱንም እዩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በሼንገን ኤርፖርቶች ለማለፍ ብቻ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው 12 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው። የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ሁለት የተለያየ ቲኬት ከሆነ ደግሞ ካውንተሩ የመጀመሪያው ቲኬት ያለቀበትን ከተማ መድረሻችሁ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ያኔ ቀጣዩን ቲኬት ማሳየት የግድ ይሆናል። ከተቻለ ከጎንደር እስከ መጨረሻው በአንድ ቡኪንግ ቁረጡ።

እኒያ እናት በሰላም ገቡ፤ የልጅ ልጅም አቀፉ። የመመለሻ ቀናቸውን ሁለት ጊዜ አሸጋግሬላቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቀኑ ሳያልፍ ቀድመው ስለደወሉ ነው የሆነልን።